ማሞቂያውን ትታ ጠዋቴን የጠየቀችው ሴት

ቬቱሪያ የመሣሪያ ቦርሳዋን ሳትከፍት አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። ለሐሜት አይደለም የምለው፤ የሆነው ይህ ስለሆነ ነው። ከኮርኔል የጭነት መኪና ወረደች፤ የምትታጠፍ በርጩማዋን በተጎታች ቤታችን ፊት ለፊት ዘረጋች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዙሪያውን ታይ ጀመር። እኔ ከጎኗ ቆሜ ደሜ ይፈላል።

የቸኮልኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለቤቴ ሳቬታ ልብሷን በሻንጣ አድርጋ በሩ ሥር አስቀምጣለች። ኮርኔል ለላይኞቹ ንብ አርቢዎች ውሃና ስኳር አድርሶ ከምሳ በኋላ በዚሁ መንገድ ይመለሳል። እስከዚያ ማሞቂያው ካልሠራ ሳቬታ ከእሱ ጋር ትወርዳለች። «አንዴ ከወረድኩ ደግሞ ለዘንድሮም ለከርሞም አልወጣም» ብላኛለች። ሳቬታ ያለችውን የምታጥፍ ሴት አይደለችም።

ከተጋባን ሠላሳ አንድ ዓመታችን ነው፤ ሠላሳ አንዱንም በጋ አብረን ወጥተናል። ታች ቆላው ላይ የግራሩ አበባ ሲረግፍ ቀፎዎቹን ጭነን፣ ደኑ ተቆርጦ የዱር እንጆሪ ወደ ወረሰው የካርፓቲያን ተዳፋት እንወጣለን፤ አበባው እስኪያልቅ ድረስ ንቦቹ አጠገብ በተጎታች ቤት እንኖራለን። ሰኔም ሆኖ የተራራው ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ድሮ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጉንጭ የፕሪም አረቄ ይበቃን ነበር። በመጋቢት ግን ሳቬታን የሳንባ ምች ጣላት፤ ሐኪሙም ደረቷን ብርድ እንዳያገኘው አስጠነቀቀ። ተራራ አትውጣ ግን አላለም። የሚስማማኝ ነገር ሲሆን ጆሮዬ ለጉድ ይሰማል።

እናም ከከተማው ገበያ የከባድ መኪና ነጂዎች የሚጠቀሙበትን ዓይነት፣ በናፍጣ የሚነድ ትንሽ ማሞቂያ ገዛሁ። የገጠምኩትም እኔው ነኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ፤ እኔ መጀመሪያ ጠመጠምኩ። ለሁለት ቀን ያለ ችግር አሞቀን። በሦስተኛው ቀን ነጭ ጭስ ተፋ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ያስላል፣ አንዳንዴ ደግሞ በትንሿ መስኮቱ ላይ አንድ ቁጥር ጽፎ ዝም ይላል። ፓምፑን ፈታሁ፤ ናፍጣውን ቀየርኩ፤ የሸጠልኝን ሰው በስልክ ሰደብኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሳቬታ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች።

ፈራሁ። ቀፎ ተከፍቶ ንግሥቲቱን ከዚያ ሁሉ ንብ መካከል ለይታ የምታየው እሷ ናት፤ የእኔ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። እሷ ከሌለች ቀፎውን መሸጥ ነው። ቀፎውስ ይሸጥ፤ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ብቻዬን የበቆሎ ገንፎ ሳማስል ታየኝ።

ስለ ቬቱሪያ የነገረኝ ኮርኔል ነው። «የባቡር ፉርጎ ማሞቂያ ስትጠግን የኖረች ሴትዮ አለች፤ እዚህ ተራራ ላይ ያልገባችበት ተጎታች ቤት የለም» አለኝ። «ብቻ ወሬ ትወዳለች።»

«እኔ አልወድም፤ እንቻቻላለን» አልኩት።

አልተቻቻልንም።

«ጋሽዬ» አለችኝ በርጩማዋ ላይ እንዳለች። ጋሽዬ ትበል እንጂ ለማንም እርስዎ አትልም፤ ለቄስም ለፖሊስም አንተ ነው። «ስትተኙ ራስጌያችሁ በየት በኩል ነው?»

«ማሞቂያው በዚህ በኩል ነው» አልኳት።

«እሱን አይቼዋለሁ፤ የትም አይሄድም። ራስጌያችሁን ነው የጠየቅኩት።»

«በመስኮቱ በኩል ነው» አለች ሳቬታ ከውስጥ።

«ጭስ ማውጫውስ?»

«በወዲያ በኩል፣ ከወለሉ ሥር» አልኳት እያጉረመረምኩ።

ተነስታ አጎንብሳ አየች፤ ቧንቧውን በእጇ ነካክታ፣ ጭሱ ተመልሶ ወደ ቤት የሚገባበት ቀዳዳ እንደሌለ አረጋግጣ ተመልሳ ተቀመጠች። «ጎበዝ» አለችኝ። «ቢያንስ ነፍሰ ገዳይ አይደለህም።»

አሁንስ ቦርሳዋን ትከፍታለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ንቦቹ ዞረች። «እነዚህ በረዶ ሲወርድ ያለ እሳት እንዴት ይከርማሉ?»

«ይንቀጠቀጣሉ።»

«እንዴት ማለት?»

«ተቃቅፈው እንደ ኳስ ይሆናሉ። ክንፋቸው ሳይንቀሳቀስ ሥጋቸውን ብቻ ያንቀጠቅጡታል፤ በዚያ ይሞቃሉ። ዳር ያሉት ሲበርዳቸው ወደ መሃል ይገባሉ፣ መሃል ያሉት ይወጣሉ።»

«ተራውን የሚያስይዛቸው ማን ነው?»

ንብ ማርባት ከጀመርኩ አርባ ዓመት አልፎኛል፤ ይህን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። «እኔ ምን አውቄ» አልኳት። አለማወቄ ቅር ያሰኛታል ስል ፊቷ በራ። የፊት መሸፈኛዬን ተዋሰችና ቀረብ ብላ ለማየት እስከ አጥሩ ድረስ ሄደች።

አጥሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ለድብ። እዚህ ተዳፋት ላይ ያለ አጥር ንብ አረባለሁ የሚል ሰው የሚያረባው ድብ ነው። ቀፎዎቹን አራት ዙር የከበበው ሽቦ ከአንድ ባትሪ ጋር ተያይዟል፤ የነካውን ሁሉ ይነዝራል። ባትሪው በአጥሩ ጥግ፣ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። የማሞቂያውንም ገመድ ከዚሁ ባትሪ ነበር ስቤ ያመጣሁት። ቬቱሪያ ሳጥኑን አየች፤ ከሳጥኑ የወጣውን ገመድ አየች፤ ከዚያ ገመዱን ተከትላ እርምጃዋን እየቆጠረች እስከ ቤቱ መጣች።

«አሥራ ስድስት» አለች። «ገመዱን ከየት አመጣኸው?»

«የነበረኝ ነው።»

«ከምን የነበረህ?»

ፊቴን አዞርኩ። ሳቬታ ግን በሩ ላይ ብቅ ብላ «ሰም የምናጣብቅበት ነው እህቴ» አለቻት።

«ሰም? በገመድ?»

እንግዲህ ይህ ለንብ አርቢ የዕለት ሥራ ነው። በእንጨቱ ፍሬም ላይ ቀጭን ሽቦ ይወጠራል፤ በላዩ ላይ ስስ የሰም ሉህ ይነጠፋል። የሽቦውን ጫፍና ጫፍ ከባትሪ በመጣ ገመድ ሲያነካኩት ሽቦው ይግላል፤ ሰሙ ቀልጦ ሽቦውን ይውጠዋል። ሦስት ሰከንድ ይበቃል። አራተኛው ላይ ሰሙ ለሁለት ተቆርጦ ይወድቃል። ሳስረዳት በወሬ አልጠግብ አለች፤ ካላየሁ አለች። ሰም የምሠራበትን ሌላ ባትሪ ከቤት ውስጥ፣ ከሥራ ጠረጴዛዬ ሥር አወጣሁና በተረፈችኝ ቁራጭ ገመድ አንድ ፍሬም ሠርቼ አሳየኋት። ራሴ ካልሞከርኩ አለች። የመጀመሪያውን ሉህ ቆረጠችው። ሁለተኛው ያዘላት፤ ያን ጊዜ እንደ ሕፃን እየሳቀች ፍሬሙን ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው። እኔ የኮርኔልን መንገድ አያለሁ።

«በል አሁን ማሞቂያህን አስነሳው» አለችኝ።

ቁልፉን ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ፤ ጥቂት ቆየ፤ ያችው ቁጥር ብቅ አለችና ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ቬቱሪያ ግን ማሞቂያውን አላየችውም። ተንበርክካ መሬት ላይ የተዘረጋውን ገመድ በእጇ ጨብጣ ነበር።

«ና ያዘው።»

ያዝኩት። ሞቅ ብሏል።

«ቅድም ሰሙን ያቀለጠው ምንድን ነው?»

«ቀጭኑ ሽቦ ነዋ።»

«ይሄስ?»

ክው አልኩ። ሌላ ማብራሪያ ባይጨመርም ይበቃኝ ነበር፤ እሷ ግን ቴስተር የምትባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ ከኪሷ አውጥታ በቁጥር አሳየችኝ። ማሞቂያው ሲነሳ ናፍጣውን የምትለኩስ ትንሽ ካንዴላ አለችው፤ ያቺ እስክትግል ድረስ ብዙ ኃይል ትጠጣለች። ከባትሪው ከአሥራ ሁለት ቮልት በላይ ይነሳል፤ አሥራ ስድስት እርምጃ ተጉዞ ካንዴላዋ ጋ ሲደርስ አሥር እንኳ አይሞላም። የጎደለውን ገመዱ ራሱ እየሞቀ በልቶታል። ሰም ለማቅለጥ የምፈልገውን ሙቀት ሣር ላይ ስበትነው ከርሜያለሁ።

«አርባ ዓመት ሙሉ በእጄ የማውቀውን ነገር» አልኩ ለራሴ፣ ድምፄ ወጥቶ።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አለች ሳቬታ።

ቬቱሪያ በመጨረሻ ቦርሳዋን ከፈተች። ጣት የሚያክል ወፍራም ገመድ አወጣች፤ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር። «ይሄኛውን ባትሪ ለምንድን ነው ያልተጠቀምክበት? እዚሁ ቤት ውስጥ ነበር» አለችኝ ወደ ሰሙ ባትሪ እያመለከተች።

«እሱማ የሰም ነው» አልኳት።

አንድ አፍታ አየችኝና ለሳቬታ «ሁሉም እንዲህ ናቸው?» አለቻት። ሳቬታ «የእኔው ይብሳል» አለች። እኔ ቆሜ ነው ይህን ሁሉ የሚነጋገሩት።

የሰሙን ባትሪ ማሞቂያው አጠገብ አድርጋ በወፍራሙ ገመድ አገናኘችው። ቁልፉን ተጫንኩ። ነጭ ጭስ ተፋ፤ አሳለ፤ ከዚያ በታች በኩል እንደ ሩቅ ነፋስ ያለ ድምፅ ተሰማና ትኩስ አየር ወጣ። ከደስታዬ ብዛት ባርኔጣዬን ወረወርኩ። «አለቀ! ሳቬታ፣ ሻንጣሽን መልሺ!»

ሳቬታ አልተነቃነቀችም። ቬቱሪያም አልተነሳችም። ማሞቂያውን በቁልፉ አጠፋችውና ጆሮዋን ሰጠችው። ጠፍቶም ማራገቢያው መዞሩን አላቆመም፤ ቆየ፤ እኔ ትዕግሥቴ እስኪያልቅ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ቆመ።

«ሁልጊዜ ሲጠፋ ይህን ያህል ይነፍሳል?» አለችኝ።

«አላውቅም። ሲጠፋ እኔ የለሁም።»

ያልኩትን ልብ አላልኩትም። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና ካቻቢቴዋን አንስታ የማሞቂያውን ሆድ ፈታችው። ውስጡ በጥላሸት ተደፍኗል፤ የዳቦ ምድጃ ጭስ ማውጫ እንኳ እንዲያ አይጠቁርም። በትንሽ ብሩሽ እየፋቀች «ይህን ያመጣው ቀጭን ገመድ ብቻ አይደለም» አለች። «ማሞቂያ አጥፋው ስትለው ወዲያው አይተኛም። የቀረችውን ናፍጣ አቃጥሎ፣ ነፋስ እያስገባ ሆዱን አቀዝቅዞ ነው የሚተኛው። አንድ ሰው እየነደደ ሳለ ኃይሉን ይቆርጥበታል። መጀመሪያ አዲስ ስለነበረ ችሎት ነው፤ ጥላሸት ሲይዘው አቃተው።»

«ማን ይቆርጥበታል? እዚህ ያለነው እኔና ሳቬታ ብቻ ነን። ድቡ ነው?»

«እንጃ» አለች። እንጃ ስትል ድምፅዋ ደስ ያለው ድምፅ ነው።

ስትፍቅ አወራች። አባቷ የባቡር ሐዲድ መቀያየሪያ ጠባቂ ነበር፤ የተወለደችበት ቤት ለሐዲዱ ከመቅረቡ የተነሳ ባቡር ባለፈ ቁጥር ሲኒዎቹ በመደርደሪያው ላይ ይራመዱ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ፉርጎ መጠገኛው ገባች፤ በኤሌክትሪክ ክፍሉ ሴት እሷ ብቻ። ወንዶቹ በመጀመሪያው ቀን ባዶ ባልዲ ሰጥተው «ከመጋዘን ቮልት ቀድተሽ ነይ» ብለው ላኳት። ሄዳ አንድ ሰዓት ቆይታ ባልዲውን እንደ ባዶነቱ መለሰችላቸው። «ሞልቼው ነበር፤ ባልዲያችሁ ቀዳዳ ነው፣ መንገድ ላይ ፈሰሰ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አልላካትም።

«አንድ ፉርጎ ነበር» አለች ብሩሹን እያራገፈች። «በየዓመቱ ብርድ ሲገባ ተሳፋሪ ያማርራል። ሰባት ሰው በየተራ ለካው፤ ሰባቱም ደኅና ነው ብለው ፈረሙ። እኔ መለኪያ ሳልይዝ ትኬት ይዤ ተሳፈርኩበት። በሦስተኛው ጣቢያ የፉርጎው አስተናጋጅ ሻይ አፈላና ትኩሱን ማንቆርቆሪያ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ከመደርደሪያው በላይ ምን አለ መሰለህ? ማሞቂያውን የምታበራውና የምታጠፋው ሙቀት መለኪያ። እሷ ፉርጎው የሞቀ ይመስላታል፣ ማሞቂያውን ታጠፋዋለች። ሰባት ሰው ሽቦ ሲለካ አንድ ሰው ሻይ ይጠጣ ነበር።»

ሳቬታ ሳቀች። ከሳቀች አሥራ አንድ ቀን ሆኗት ነበርና እኔም ሳቅሁ።

«ባልሽስ? እሱም የባቡር ሰው ነበር?» ስትል ጠየቀቻት።

«ደን ጠባቂ። በሳምንት አርባ ቃል ቢናገር ነው። ስለ እሱ የማውቀውን ሁሉ ጠይቄ ጠይቄ ነው ያወቅኩት።» ጥላሸቱን እፍ አለችው። «ሲሞት ገና ግማሹን አልጠየቅኩትም ነበር።»

ወሬኛ ስላት ማርፈዴ ቆጨኝ። ካንዴላዋን አጽድታ ወደ ቦታዋ መለሰች፤ እጇን በጨርቅ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«በል ጠዋትህን ንገረኝ። ዓይንህን ስትገልጥ ጀምር።»

«የእኔ ጠዋት ከማሞቂያ ጋር ምን አገናኘው?»

«እኔም አላውቅም። ንገረኝና እንይ።»

«እነሳለሁ» አልኳት። «ሰማዩ ገርጣ ሲል ነው። ቦቲዬን አጠልቃለሁ። እወጣለሁ። ቀፎዎቹ ጋ እሄዳለሁ። በቃ።»

«ማሞቂያው እየሠራ ነው ያን ጊዜ?»

«አዎ፤ ሳቬታ ተኝታለች፣ ለምን አጠፋዋለሁ?»

«እሺ። አጥሩ ሳይነዝርህ እንዴት ትገባለህ?»

«የባትሪውን መቆንጠጫ እነቅላለኋ። የአጥሩ ማጥፊያ ከተሰበረ ስንት ዘመኑ። የሁላችንም እንዲሁ ነው፤ አባቴም እንዲሁ ነው ያስተማረኝ። ሳይነቅሉ መግባት የለም። መቆንጠጫውን ነቅለህ ሣር ላይ ትጥላለህ፣ ከዚያ...»

እጄ እኔን ሳያማክር የሚሠራው ሥራ ነው እኮ። በዚህ ተዳፋት ላይ ያለ ንብ አርቢ ሁሉ ፊቱን ሳይታጠብ በፊት መቆንጠጫውን ይነቅላል። ከዚያው ባትሪ ላይ፣ ከዚያው መቆንጠጫ ሥር፣ እየነደደ ያለ ማሞቂያ ማሰሬን ግን አሥራ አንድ ጠዋት ሙሉ አላሰብኩትም።

የተናገረችው ሳቬታ ናት።

«ነግሬህ ነበር።»

«ምን ብለሽ?»

«ስትወጣ ይጠፋል ብዬ። ሰኞ ነገርኩህ፣ ረቡዕ ነገርኩህ። በመጀመሪያው ሳምንት ነው።»

«እኔ እኮ...»

«ካልሲ ደርቢ አልከኝ።»

ብያለሁ። ቃል በቃል ትዝ አለኝ። ቦቲዬን እያሰርኩ፣ ፊቴን ሳላዞር ነው ያልኩት። ለሻጩ ሩብ ሰዓት በስልክ ጊዜ ሰጠሁ፤ ፓምፑን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ የናፍጣውን ሽታ ሳይቀር መረመርኩ። ለእሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ፊቴ በኀፍረት ጋለ።

«ቀፎው ላይ ስንት ትቆያለህ?» አለች ቬቱሪያ ቀስ ብላ።

«እስከ ቁርስ ነው።»

«ሦስት ሰዓት» አለች ሳቬታ። «እኔ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጉልበቴን አቅፌ እቀመጣለሁ። መቆንጠጫውን ሲመልስ ላስነሳው እሞክራለሁ፤ ጭስ ነው የሚተፋብኝ።»

«ምነው ጮክ ብለሽ በነገርሽኝ!» አልኳት፤ ሰው ሲያፍር የማይለው የለም።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሳልጮህ ኖሬ ዛሬ ልጩህ?»

የቀረው የእጅ ሥራ ብቻ ነበር፤ ቬቱሪያም ሥራ ላይ ወሬ የላትም። የሰሙ ባትሪ የማሞቂያው ሆነ። በክዳን ሣጥን አድርጋ ከአልጋው ሥር አስገባችው፤ ትንፋሹ ወደ ውጭ እንዲወጣ በወለሉ ቀዳዳ ሠራችለት። ወፍራሙን ገመድ ከአንድ ክንድ ብዙም ሳታስረዝመው ቆረጠች፤ ባትሪው አፍ ላይ ፊውዝ አስገባች። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በፒንሳ ጨምቃ ሲያበቃ እግሯን ግድግዳው ላይ አድርጋ በሙሉ ጉልበቷ ትጎትተዋለች። «ያልተጎተተ አልተገጠመም» አለችኝ። ጣራው ላይ ያለውን የፀሐይ ሰሌዳ ወደዚህ ባትሪ አዞረችው፤ አጥሩ የራሱ ትንሽ ሰሌዳ ነበረው። የእኔን ቀጭን ገመድ ከሣር ላይ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ማብሪያውን በሳቬታ ራስጌ፣ እጇ በሚደርስበት ቦታ ሰካችው።

«አንተ አትነካውም» አለችኝ።

«እሺ።»

ሳቬታ ራሷ ተጫነችው። ጭስ የለም። ፓምፑ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ሙቀቱ በእግሯ በኩል መጣ። ይህን እያየን ሳለ የኮርኔል መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ከላይ ወረደ።

ቬቱሪያ በርጩማዋን አጠፈች። ስለ ድካሟ አንድ ብርኒ የእንጆሪ ማር ተቀበለች፤ ከዚያ በላይ አልወስድም አለች። ሳቬታ ደግሞ ከቤት ወጣች፤ ሻንጣዋ በእጇ ነው። ማሞቂያው ይሠራል እኮ! ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ ግን ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ያስወጣው ማሞቂያው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ማንን ነው የምጭነው?» አለ ኮርኔል በመስኮቱ። «አንዷን ነው ሁለቱንም?»

«ሳቬታ» አልኳት። «አልሰማሁሽም። አጠፋሁ።»

«ምን አልክ? ሞተሩ ይጮሃል።»

«አጠፋሁ!» ስል ጮህኩ። ኮርኔል የቀረበት እንዳይኖር ሞተሩን አጠፋው። በጸጥታው መሃል እንደገና፣ ቀስ ብዬ፣ «አጥፍቻለሁ። አትሂጂብኝ» አልኳት።

ሳቬታ ወደ መኪናው መስኮት ዞረች።

«ነገ ትመለሳለህ?» አለችው ኮርኔልን።

«ነገም ከምሳ በኋላ በዚህ አልፋለሁ።»

«እንግዲያው ነገ እናያለን» አለች ሳቬታ፤ ሻንጣዋን ሳትፈታ በሩ ሥር መልሳ አስቀመጠችው።

መኪናው ሲነሳ የቬቱሪያ ድምፅ ከሞተሩ በላይ ይሰማኝ ነበር። «ኮርኔል፣ አንተ ግን ይህን ቁልቁለት ስትወርድ መጀመሪያ የምትረግጠው የቱን ነው?» ትለዋለች። የእሱ መልስ አልተሰማኝም።

በማግሥቱ ሰማዩ ገርጣ ሲል ነቃሁ። ቦቲዬን ይዤ ወጣሁና ደጅ ላይ አጠለቅኩ። ሳጥኑን ከፈትኩ፤ እጄ እንደ ልማዱ መቆንጠጫውን ነቀለ። ከኋላዬ ግን ፓምፑ ጠብ፣ ጠብ ማለቱን አላቆመም። ንቦቹ ገና አልወጡም፤ ሣሩ ጤዛ ነው። አጥሩን ልሻገር አንድ እግሬን አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። ወደ ቤቱ ተመለስኩ፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ።

«ሳቬታ፣ ሞቆሻል?»

መልስ የለም። የተኛች መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ ጭሱ ትዝ አለኝና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

«ሳቬታ? ሞቆሻል ወይ?»

«ቅድም ሰምቼሃለሁ» አለች ከብርድ ልብሱ ሥር። «ደግመህ እንድትጠይቀኝ ፈልጌ ነው።»